የሞዴል ውጤትና የማትሪክ ውጤት ስለ ምን ይለያያሉ?

በምዕራብ ሐረርጌ፣ በመሰላም ይሁን በሂርና፣ በገለምሶም ይሁን በቺሮ፣ የ12ኛ ክፍል ውጤት በተለቀቀ ቁጥር ከየቤቱ የሚወጣ አንድ ጥያቄ አለ። «ሞዴል ላይ ያን ያህል ያመጣ ልጅ ማትሪክ ላይ እንዴት ይህችን ይዞ ይመጣል?» ይላል አባት። ጥያቄው ከሐዘን ጋር ስለሚመጣ አብዛኛውን ጊዜ መልስ ሳያገኝ ያልፋል። አንዱ እርማቱን ይጠረጥራል፤ ሌላው የልጁን ዕድል ያማርራል፤ ሦስተኛው «ዐይን ገብቶበት ነው» ይላል። ልጁ ዝም ይላል፤ ምክንያቱን እሱም አያውቀውምና። ይህ ትምህርት የተጻፈው ለዚያ ልጅ፣ ለወላጆቹና ለመምህራኑ ነው። ቀስ እያልን እንሄዳለን፤ አንዱ ሳይገባን ወደ ሌላው አንዘልም።

አስቀድመን ውጤት ምን እንደሆነ እንወቅ። ተማሪ የሚያውቀው ነገር በዐይን አይታይም፣ በእጅ አይዳሰስም፤ ስለዚህ እንጠይቀዋለን። ያወቀውን ሁሉ ግን ልንጠይቀው አንችልም። ጥቂት ጥያቄ መርጠን፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ክፍል፣ በተወሰነ ሰዓት እንጠይቀዋለን። ከዚያ የሚወጣው ቁጥር ከአራት ነገር የተሠራ ነው፤ ተማሪው ካወቀው፣ ጠያቂው ከመረጠው፣ ፈተናው ከተሰጠበት ሁኔታና ከዕድል። ከአራቱ የተማሪው ገንዘብ የሆነው የመጀመሪያው ብቻ ነው። ሦስቱ ከሞዴል ወደ ማትሪክ ሲሻገር አብረውት አይሻገሩም። የዚህ ትምህርት ሥሩ ይህ ነው፤ ቀጥሎ የምንለው ሁሉ የዚህ ማብራሪያ ነው።

ነገሩ የመሰላ ብቻ እንዳይመስለን አገሪቱን እንይ። የ2014 ተፈታኞች ፈተናቸውን የወሰዱት በ2015 መስከረም መጨረሻና ጥቅምት ላይ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በየዩኒቨርሲቲው ገብተው ነው። ጥር ላይ ውጤቱ ሲነገር ከ896,520 ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ሆኑ፤ 3.3 በመቶ ማለት ነው። 1,161 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በ2015 ያለፉት 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ፣ በ2017 8.4 በመቶ ነበሩ። እነዚያን 1,161 ትምህርት ቤቶች ቆም ብለን እናስባቸው። በእያንዳንዳቸው ውስጥ ከክፍሉ አንደኛ የሚወጣ ተማሪ ነበረ። ያ ተማሪ ለራሱም ለቤተሰቡም የሚያልፍ መስሎ ነበር፤ በቅርቡ ያሉት ምልክቶች ሁሉ እንዲህ ይሉት ነበርና።

ፈተናው ስለ ምን ወደ ዩኒቨርሲቲ ሄደ ቢሉ፣ ታሪኩ ረጅም ነው። ግንቦት 22 ቀን 2008 ሊጀመር የነበረው ፈተና የእንግሊዝኛው ወረቀት በማኅበራዊ ሚዲያ በመሠራጨቱ ተሰረዘ፤ ሌላ ወረቀት ተዘጋጅቶ በዚያው ክረምት ተሰጠ። በ2011 ደግሞ በአንዳንድ ትምህርቶች ያልተለመደ ከፍተኛ ውጤት በመታየቱ ለዩኒቨርሲቲ ምደባ የ4 ትምህርቶች ውጤት ብቻ እንዲያዝ ተወሰነ። በሞዴል ብቻ ሳይሆን በብሔራዊ ፈተናውም ቢሆን ቁጥሩ ከዕውቀቱ ተለይቶ ብቻውን የሄደባቸው ዓመታት ነበሩ ማለት ነው። የ2014ቱ ውጤት አገሩን ያስደነገጠው ልጆቹ በአንድ ዓመት ስለደነቆሩ አይደለም። ቁጥሩን ወደ ላይ ይዘውት የነበሩ ሌሎች ነገሮች ስለተነሱ ነው።

አሁን ወደ ጠያቂው ምርጫ እንግባ። ይህ ከሁሉ የሚሰፋው ክፍል ነው።

ሞዴል ፈተና ትምህርት ቤቱ፣ ወረዳው ወይም ዞኑ ያወጣዋል። መምህሩ ጥያቄ ሲያወጣ እጁ የሚሄደው ወዳስተማረው ነው፤ ኖቱ ላይ ወዳጻፈው፣ ወርክሽቱ ላይ ወደሠራው፣ ቱቶሪያል ላይ ወደደጋገመው። ያልደረሰበትን ምዕራፍ አይጠይቅም። ይህ ክፋት የለበትም፤ ያላስተማሩትን መጠየቅ ግፍ ነው ብሎ የሚያስብ ቅን መምህር ሁሉ እንዲሁ ያደርጋል። የትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት ግን መሰላ ላይ የፊዚክስ መምህር በመካከል እንደተዛወረ፣ የመጨረሻዎቹ ሁለት ምዕራፎች እንዳልተነኩ አያውቅም፤ ቢያውቅም ለመሰላ ብቻ ሌላ ወረቀት አያወጣም። እሱ የሚያየው ሥርዓተ ትምህርቱን ነው፤ በዚያም ላይ የሚጠይቀው የ12ኛን ብቻ አይደለም፣ ከዚያ በታች ያሉትንም ክፍሎች ነው።

በምዕራብ ሐረርጌ ማሽላ የማያውቅ የለም። አንድ ገበሬ ከመንገዱ ዳር ያለውን፣ ውኃ ያገኘውንና ሁለቴ የተኮተኮተውን ማሽላ ብቻ አይቶ የማሳውን ሁሉ ምርት ቢገምት ውቂያ ላይ ያዝናል። ዳር ያለው ማሽላ ሐሰት አይደለም፤ እውነተኛ ፍሬ ነው። ስሕተቱ ዳሩን አይቶ በመሐሉ ላይ መፍረዱ ነው። ሞዴሉ የሚያየው የተኮተኮተውን ዳር ነው፤ ማትሪኩ መሐሉ ውስጥ ይገባል።

በቁጥር እንየው። አንድ መጽሐፍ 8 ምዕራፍ አለው እንበል፤ ትምህርት ቤቱ የደረሰው 5ኛው ላይ ነው። ተማሪዋ ከተማረቻቸው ከአምስቱ ከሚወጡ ጥያቄዎች 80 በመቶውን ትመልሳለች። ሞዴሉ ከአምስቱ ብቻ ስለሚወጣ ውጤቷ 80 ነው። ማትሪኩ ከስምንቱም እኩል ቢጠይቅ ከአምስቱ 50 ታገኛለች፤ ከማታውቃቸው ከሦስቱ ምዕራፎች ባለ 4 ምርጫ ጥያቄ በግምት እየሞላች ወደ 9 ብትጨምር ድምሩ 59 ነው። ከ80 ወደ 59 ወረደች። አልሰነፈችም፣ አልደነገጠችም፣ ማንም ዐይን አልጣለባትም። የተጠየቀችው ማሳ ሰፍቶባት ነው። ይህች ልጅ የሚያስፈልጋት ተግሣጽ አይደለም፤ ሦስቱን ምዕራፎች የሚያስተምራት ሰው ነው።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ ነገር አለ፤ የቆዩ ጥያቄዎችን መሸምደድ። ያለፉት ዓመታት የማትሪክ ወረቀት ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ ዛሬ በቴሌግራም ይደርሳል። ሞዴል አውጪውም ሲቸኩል ከዚያው ይገለብጣል። ተማሪው ጥያቄውን ሳይጨርስ «ይሄ ቢ ነው» ይላል። ቢ መሆኑን ያውቃል፤ ስለ ምን ቢ እንደሆነ አያውቅም። ማትሪኩ ያንኑ ሐሳብ በሌላ ቁጥርና በሌላ ቃል ሲያመጣው መንገዱ ይጠፋበታል።

ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻ አይደለም። በ1987 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ዌስት ቨርጂኒያ ግዛት የሚሠራ ጆን ካኔል የተባለ ሐኪም የየግዛቱን የፈተና ውጤት ሰብስቦ አንድ የማይሆን ነገር አገኘ፤ ሁሉም ግዛት ውጤቱ ከአገሪቱ አማካይ በላይ ነው ይል ነበር። ሁሉም ከአማካይ በላይ ሊሆን አይችልም። ከምክንያቶቹ ዋነኞቹ ያው አንድ ዓይነት ወረቀት ከዓመት ዓመት መመላለሱና አማካዩ ራሱ ያረጀ መሆኑ ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ ዳንኤል ኮሬትዝና ባልደረቦቹ ነገሩን አጥብቀው መረመሩት። አንድ የትምህርት አውራጃ የለመደውን ፈተና ትቶ አዲስ ሲቀይር ውጤቱ ወዲያው ወረደ፤ አዲሱ በተለመደ ቁጥር እንደገና ወጣ። ልጆቹን ወደ ተተወው አሮጌ ፈተና መልሰው ቢፈትኗቸው ደግሞ በእሱ ወርደው ተገኙ። እንግዲህ የወጣው ሒሳብ ወይም ንባብ አልነበረም፤ ለአንድ ወረቀት የተደረገ መላመድ ነበር። መምህሮቻችን ይህን ቢያስተውሉት እወዳለሁ፤ የቆየ ወረቀት መሥራት ክፉ አይደለም፣ የቆየ ወረቀት ላይ የተገኘን ማርክ ማመን ግን ክፉ ነው።

አሁን ሊነገር የሚከብደውን እንናገር፤ ኩረጃ። ሞዴል ሲሰጥ ክፍሉ ያው ክፍል ነው፤ ዴስኩ ያው ዴስክ፣ ጎረቤቱ ያው ጎረቤት። ፈታኙ የሚያውቃቸው መምህር ነው፤ አንዳንዱ ልጆቹ እንዲበረታቱ ብሎ ዐይኑን ይከድናል። አጤሬራ ይዞ የሚገባም አለ። ብዙው ተማሪ ግን ሌባ አይደለም፤ በራሱ መልስ ስለማይተማመን ወደ ጎበዙ ወረቀት ገልመጥ የሚል ነው። ከዚያ የሚሆነውን ልብ በሉ። የጎበዙ ዕውቀት በአምስትና በስድስት ልጅ ወረቀት ላይ ይባዛል። ሁሉም 70 ያመጣል፤ ሁሉም 70 የሚያውቅ ይመስለዋል። ማትሪክ ላይ ልጆቹ ይበተናሉ፤ አንዱ ከገለምሶ ከመጣ፣ ሌላው ከሂርና ማዶ ከመጣ ከማያውቁት ሰው ጎን ይቀመጣሉ። የወረቀቱ ኮድም ይለያያል። የተባዛው ዕውቀት ወደ ባለቤቱ ይመለሳል፤ ሌሎቹ ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ።

አንድ ርዕሰ መምህር የትምህርት ቤቱ ውጤት የወረደው በኩረጃ ይሁን በፈተናው ክብደት ለማወቅ ቢፈልግ መለያው ቀላል ነው። ሁለቱን ውጤት ጎን ለጎን አስቀምጦ ከላይ ያሉትን አምስት ስድስት ተማሪዎች ይመልከት። ማትሪኩ ከበድ ስላለ ብቻ ወርዶ ከሆነ ጎበዙም ሰነፉም ይወርዳል። ከላይ ያሉት በቦታቸው ቀርተው መካከለኛዎቹ ብቻ ከተናዱ ግን መካከለኛዎቹን ይዞ የቆመው የራሳቸው ጉልበት አልነበረም ማለት ነው። ይህን መለያ የሚሠራ ርዕሰ መምህር ማንንም ማዋረድ የለበትም። ቀጣዩን ሞዴል እንዴት እንደሚያስቀምጣቸው ብቻ ይወስን፤ የክፍል 12ኤውን ከ12ዲው እየቀላቀለ፣ ፈታኙንም የሌላ ትምህርት መምህር እያደረገ።

ወደ ዕድል እንምጣ። ብዙ ሰው ዕድል ሲባል ተረት ይመስለዋል፤ በምርጫ ፈተና ውስጥ ግን ዕድል የሚቆጠር ነገር ነው። 60 ጥያቄ፣ ለእያንዳንዱ 4 ምርጫ ያለው ፈተና እንውሰድ። አንድም ጥያቄ ሳያነብ ዐይኑን ጨፍኖ የሚያጠቁር ተማሪ በአማካይ 15 ያገኛል፤ 25 በመቶ ነው። ስለዚህ 25 ማለት አነስተኛ ዕውቀት ማለት አይደለም፤ ምንም ዕውቀት የለም ማለት ነው። ቀጥለን 20 ጥያቄ በእርግጥ የሚያውቅ፣ 40ውን የማያውቅ ተማሪ እንውሰድ። ሃያውን ይመልሳል፤ አርባውን በግምት ሲሞላ በአማካይ 10 ይመታለታል። ድምሩ 30 ሆነ፤ ከ60ው ግማሽ። 50 በመቶ አመጣ። የሚያውቀው ግን አንድ ሦስተኛውን ነው።

ይህን ደግማችሁ አንብቡት፤ የብዙ ቤት ሐዘን እዚህ ላይ ተደብቋል። «ልጄ ግማሹን ያውቃል» የሚል ወላጅ የሚያየው ቁጥር ውስጥ ሲሶው ብቻ ጽኑ ነው። የቀረው የሚዋዥቅ ነው። ምን ያህል ይዋዥቃል ቢሉ፣ ያ ተማሪ ያንኑ ዕውቀት ይዞ ደጋግሞ ቢፈተን በአብዛኛው ከ25 እስከ 35 መካከል ያመጣል፤ በመቶኛ ከ42 እስከ 58 ማለት ነው። ሚያዝያ ላይ 58 አምጥቶ ተደሰተ፤ በክረምቱ 42 አምጥቶ አለቀሰ። በመካከሉ ምንም አልተለወጠም። እርግጥ እውነተኛ ተማሪ ሁለቱን የማይሆኑ ምርጫዎች ጥሎ ከሁለቱ ይገምታል፤ ያን ጊዜ ግምቱ ይሻላል። የሒሳቡ መንገድ ግን ያው ነው።

ከዚህ የሚከተል ሌላ ነገር አለ። ተማሪው አራት ሞዴል ተፈትኖ 44፣ 51፣ 47 እና 58 ቢያመጣ፣ ስንት አመጣህ ሲሉት «58» ይላል። አይዋሽም፤ ግን ዕድሉ የሠመረበትን ቀን መርጦ ነገረን። እውነተኛው እሱነቱ ከአራቱ መካከል፣ ወደ 50 ገደማ ነው። እንዲሁም ከአንድ ሞዴል ላይ ከሁሉ የበለጠውን ተማሪ ብንመርጥ በሚቀጥለው ፈተና ጥቂት ዝቅ ብሎ ይገኛል፤ የመረጥነው ዕውቀቱንም ዕድሉንም አብረን ነውና፣ ዕድል ደግሞ ሁለተኛ ቀጠሮ አታከብርም። ፍራንሲስ ጋልተን በ1886 እ.ኤ.አ. እጅግ ረጃጅም ወላጆች የወለዷቸው ልጆች ከወላጆቻቸው ይልቅ ወደ መካከለኛው ቁመት የሚቀርቡ መሆናቸውን በቁጥር ሲያሳይ ያገኘው ይህንኑ ነበር። የአንደኛው መውረድ ሁልጊዜ ትዕቢት ያመጣው ቅጣት አይደለም።

ስድስቱን ትምህርት ስንደምር ዕድሉ በከፊል ይቻቻላል፤ በአንዱ ያጣውን በሌላው ያገኛል። ሆኖም ከ600ው ላይ ወደ 20 ነጥብ ያህል ወደ ላይም ወደ ታችም የሚንቀሳቀስ ነገር ይቀራል። ስለዚህ ሞዴል ላይ 305 አምጥቶ «300 በቃኝ፣ አለፍኩ» የሚል ተማሪ ገና በበሩ ላይ ቆሟል። ዒላማው 340 መሆን አለበት።

ፈተናው ስለሚሰጥበት ሁኔታ ብዙ መናገር አያሻም፤ የሄደበት ሁሉ ያውቀዋል። አንዱን ብቻ ግን አጥብቄ እናገራለሁ፤ ቋንቋውን። የመሰላ ልጅ እስከ 8ኛ የተማረው በአፋን ኦሮሞ ነው፤ በየከተማው በአማርኛ የተማረም አለ። ከ9ኛ ጀምሮ መጽሐፉ እንግሊዝኛ ይሆናል፤ የመምህሩ ማብራሪያ ግን አብዛኛውን ጊዜ በሚግባቡበት ቋንቋ ነው። ሞዴል ላይ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ ይሄ ምን ማለት ነው?» ይላል፤ መምህሩም አንዲት ቃል ይፈታለታል። ያቺ ቃል ጥያቄውን ትከፍትለታለች፤ ሕጉን ያውቀው ነበርና ይመልሰዋል። በብሔራዊው ፈተና ላይ ፈታኙ አፉን አይከፍትም። ባዮሎጂውን እያወቀ ጥያቄው ያልገባው ልጅ ከማያውቀው ልጅ እኩል ይቆጠራል። በሁሉም ትምህርት ላይ በአንድ ጊዜ የወረደ ተማሪ ስታገኙ መጀመሪያ እንግሊዝኛውን መርምሩ።

ሌላው ሰዓቱ ነው። ሞዴል በቀን አንድ ትምህርት እየተባለ ለአንድ ሳምንት ያህል ይዘልቃል፤ ማትሪክ በጥቂት ቀናት ውስጥ ተደራርቦ ይመጣል፣ ሦስተኛው ቀን ላይ አእምሮ ይደክማል። ለምዕራብ ሐረርጌ ቅርቡ ዩኒቨርሲቲ ቺሮ ያለው ኦዳ ቡልቱም ነው፤ ያም ቢሆን ከቤቱ ወጥቶ አድሮ ለማያውቅ የገጠር ልጅ ማደሪያውም፣ ወረፋውም፣ ፍተሻውም አዲስ ነው። በወረቀት ለሚፈተን ደግሞ መልስ መስጫው በማሽን የሚነበብ ነው። ሞዴል ላይ መምህሩ የተከበበውንም፣ ከጎን የተጻፈውንም አይቶ ያርምለታል፤ ማሽኑ በደንብ ያልጠቆረውን አያይም፣ 17ኛውን ዘሎ በ17 ቦታ 18ን ያጠቆረ ልጅም ከዚያ በታች ሁሉ ይበላሽበታል። ከ2016 ጀምሮ በኮምፒውተር የሚፈተን ተማሪም አለ፤ ማውስ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚይዘው በፈተናው ማለዳ የሆነ ልጅ ከየት ሰዓት ያመጣል?

አንዳንዴ ነገሩ ይገለበጣል፤ ሞዴል ላይ 38 ያመጣ ማትሪክ ላይ 55 ያመጣል። ይህም ከዚያው ሥር የሚወጣ ነው። ሞዴሉን መምህሩ ልጆቹን ለማስደንገጥ ሆን ብሎ አክብዶት ይሆናል፤ ተማሪው «ለውጤት አይያዝም» ብሎ ሳያነብ ገብቶ ይሆናል፤ ወይም ከሞዴሉ በኋላ ባሉት ሳምንታት በርትቶ ያላወቀውን አውቆ ይሆናል። የመጨረሻው ከሁሉ የሚያስደስተው ነው፤ ሞዴል የተፈጠረው ለዚያ ነውና። ስለዚህ በዝቅተኛ ሞዴል ተስፋ መቁረጥም በከፍተኛው እንደ መመካት ያለ ስሕተት ነው።

በዩኒቨርሲቲም ያው ነው። በ2015 ክረምት የመውጫ ፈተና በአገር አቀፍ ደረጃ ሲጀመር የተቀመጡት ሁሉ የየኮርሳቸውን ፈተና አልፈው ለመመረቅ የደረሱ ነበሩ፤ ያለፉት ግን 40.65 በመቶ ሆኑ። አስተማሪው ራሱ የጠየቀው ጥያቄና ሌላ ሰው የጠየቀው ጥያቄ ዕድሜ ልክ ይለያያሉ።

እንግዲህ ሞዴል ይቅር እንበል? አይደለም። በ2006 እ.ኤ.አ. ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ተማሪዎችን ሁለት ጽሑፍ አስነበቡ። ተማሪዎቹ አንዱን ደግመው አነበቡት፤ ሁለተኛውን ግን ዘግተው ያስታወሱትን ጻፉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ደግመው ያነበቡትን የበለጠ አስታወሱ። ከሳምንት በኋላ ግን ራሳቸውን ከፈተኑበት ጽሑፍ 56 በመቶውን፣ ደግመው ካነበቡት 42 በመቶውን አስታወሱ። ራስን መፈተን ዕውቀትን ያጸናል ማለት ነው። የሞዴል ትርፉ ያለው በመፈተኑ ውስጥ ነው፣ በማርኩ ውስጥ አይደለም። እኛ ግን ማርኩን ወስደን ወረቀቱን እንጥለዋለን።

ተማሪ ሆይ፣ በሚቀጥለው ሞዴል እንዲህ አድርግ፤ አንቺም እንዲሁ አድርጊ። ከእያንዳንዱ መልስ ጎን አንድ ትንሽ ምልክት ይደረግ፤ ስለ ምን እንደሆነ ለጓደኛ ማስረዳት ለሚቻለው አንድ ዓይነት፣ ከሁለት ምርጫ አንዱ ለተመረጠበት ሌላ ዓይነት፣ በጭፍን ለተሞላው ሦስተኛ ዓይነት። ወረቀቱ ሲመለስ ጠቅላላውን ማርክ ተዉትና የመጀመሪያው ምልክት ካለባቸው ትክክል የሆኑትን ብቻ ቁጠሩ። ያ ቁጥር ያሳዝናል፤ ከማርኩ በብዙ ያንሳል። ነገር ግን ኦዳ ቡልቱምም ቢሄድ ሐረማያም ቢሄድ አብሮ የሚሄደው እሱ ነው። እርግጠኛ ሆናችሁ የተሳሳታችሁበት ጥያቄ ካለ ከሁሉ አስቀድሙት፤ ያልተማሩትን መማር ይቀላል፣ በስሕተት የተማሩትን ማፍረስ ግን ቀናት ይወስዳል። ሁለተኛ ምልክት ያለባቸው ደግሞ በትንሽ ድካም ወደ አንደኛው የሚገቡ ናቸው፤ የሁለት ወር ጊዜ ያለው ተማሪ ከፍ የሚለው በእነሱ ነው።

መምህራን፣ ከእናንተ የሚፈለገው ከዚህ ይከብዳል። የመሰላ መምህር ለሂርና፣ የሂርና ለበዴሳ ወረቀት ያውጣ፤ ጥያቄውን የሚያስተምረው ሰው አስቀድሞ አይየው። በዓመት አንድ ጊዜ ቢሆን ሁሉም ትምህርት በተከታታይ ቀናት፣ በማጥቆሪያ ወረቀት፣ በሙሉ ሰዓት፣ ቃል ሳይፈታ ይሰጥ። ያልደረሳችሁበት ምዕራፍ ካለም ጠይቁት፤ ውጤቱን በተማሪው ላይ አትቁጠሩበት፣ ግን ያለመድረሳችን ዋጋ ስንት እንደሆነ ወረዳውም ወላጁም በቁጥር ይወቀው። ማርክ ጨምሮ ማበረታታት ደግነት ይመስላል። በደጉ መምህር የተጨመረችው 15 ማርክ ግን ልጁ ማንበብ የነበረበትን ሁለት ወር ትወስድበታለች።

ወላጆች፣ ልጃችሁ ሞዴል ተፈትኖ ሲመጣ «ስንት አመጣህ?» አትበሉት፤ «ምን ምን አቃተህ?» በሉት። ያቃተውን ሲነግራችሁ ካልተቆጣችሁ በሚቀጥለው ጊዜም ይነግራችኋል። ከጫት ማሳው ወይም ከሱቁ ሥራ በሳምንት የተወሰነ ማታ ነጻ አውጡት፤ ሴት ልጅ ከሆነች ውኃ መቅዳቱንና እንጀራውን ወንድሟ ይካፈላት። ለቱቶሪያል የምትከፍሉ ከሆነም ማርኩ የገነነበትን ሳይሆን ያልደረሱባቸውን ምዕራፎች የሚያስተምረውን መምህር ፈልጉ፤ ዘንድሮ የሚፈተን ልጅ ያላችሁ ደግሞ ያለፈውን የሞዴል ወረቀት ዛሬ ማታ ከደብተሩ መሐል አስወጥታችሁ አብራችሁት ተቀመጡ።